ሙሽራን ማሞገስ ውሸት ነው ወይ?

ልጆቼ፣ በሠርግ አዳራሽ ሙዚቃው ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ሲዞር አንድ ነገር አያለሁ። እስክስታውን ትችሉበታላችሁ፤ ትከሻችሁ ከእኛ ዘመን ሰው ትከሻ አያንስም። አዝማሪው ሙሽራዋን ማወደስ ሲጀምር ግን ዓይናችሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ይመጣል። "ሳቭታ፣ ምን አላት?" ትላላችሁ። እኛም እንተረጉማለን፤ ትርጉሙ ደግሞ ያስቃችኋል። አንገቷ መቃ ነው ለማለት "ካኔ" ስንል፣ ከጦሩ ለእረፍት የመጣው ልጅ የጠመንጃ አፈሙዝ ይታየዋል። ሎሚ ናት ስንል "ሎሚ ይጎመዝዝ የለም ወይ?" ትላላችሁ። እንደ በቅሎ ትረግጣለች ያልን ዕለትማ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

ሳቁን አልጠላውም። ከሳቁ በስተኋላ ያለው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። አንዷ የልጅ ልጄ፣ ልታገባ ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ ያቭኔ እናቷ ቤት ተቀምጠን ሳለ በግልጽ ጠየቀችኝ። "ለመሆኑ በእናንተ አገር መልከ ጥፉ ሙሽራ አልነበረችም? ሁሏም ጨረቃ፣ ሁሏም ወርቅ ከሆነች፣ ዘፈኑ ውሸት ነው ማለት አይደለም?" አለችኝ። በዚያች ሰዓት የመለስኩላት ጥቂት ነው። እዚህ የምጽፈው ያላልኳትን ጭምር ነው።

መጀመሪያ ስለ ምሳሌው ራሱ። መቃ ስንል ውፍረትና ርዝመት እየለካን አልነበረም። መቃ በወንዝ ዳር ቀጥ ብሎ ይበቅላል፤ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ይልና ተመልሶ ይቆማል። ሎሚም በመዳፍ ይዘው የሚያሸቱት ነገር ነው፤ ጣዕሙን ማንም አላሰበውም። በቅሎን በተመለከተ፣ እኛ አገር መኪና አልነበረም፤ በገደል ላይ ረጋ ብላ፣ የተሸከመችውን ሰው ሳትጥል የምትሄድ እሷ ነበረች። እናንተ ለሙሽራ የምትከራዩትን ነጭ መርሴዲስ አስቡት።

መኃልየ መኃልይን በደንብ የሰማሁት እዚህ አገር፣ ከሞሮኮ ጎረቤቶቻችን ነው። ኪርያት ማላኺ ስንገባ ከእኛ በታች ያለው ቤት አባወራ ዓርብ ማታ፣ ሰንበት ከመግባቷ በፊት፣ በዜማ ያነበው ነበር። ልጄ በአማርኛ ስታስረዳኝ ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን ሳያስበው ዘመድ እንዳገኘ ሰው ነው። መጽሐፉ ውዲቱን በፈርዖን ሰረገላ እንደተጠመደች ባዝራ ያያታል። ጸጉሯን ከገለዓድ በሚወርድ የፍየል መንጋ፣ ጥርሷን ተሸልተውና ታጥበው በሚወጡ በጎች፣ አንገቷን በዳዊት ግንብ ይመስለዋል። ፍየል ጠብቆ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ስድብ ቢሰማው አይፈረድበትም። እኔ ግን ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በወገራ ጋራ ፍየል ጠብቄአለሁ። ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥቁር ፍየሎች ተከታትለው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከማዶ ሆኖ ለሚያይ ብዙ አይደሉም፣ አንድ ነገር ናቸው። ይጥመለመላሉ፣ ያብለጨልጫሉ፣ ድንጋይ ሲያጋጥማቸው መሐል ለመሐል ይከፈሉና ከታች ይገጥማሉ። ይህ የተበጠረ ጸጉር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የበጎቹም ነገር ነጭነታቸው ብቻ አይደለም፤ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ላዩ ከታቹ ይገጥማል፣ የጎደለ ጥርስ የለም ማለት ነው። ያ ሰው ሀብቱ ፍየልና በግ ነበር፤ ሀብቱን ሰጣት።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ስዳር ከራሴ እስከ እግሬ ተሸፍኜ ነበር። በቅሎዋ ላይ ያወጣኝ አጎቴ ነው፤ መንገዱን ያየሁት በጨርቁ ሥር ነው፣ የበቅሎዋን ኮቴና የሰው እግር ብቻ። ዓይኔን የንጋት ኮከብ ያሉት የሙሽራው አገር ሴቶች ዓይኔን አላዩትም። እኔም ከጨርቁ ውስጥ ሆኜ ስለ ሌላ ሴት የሚዘፍኑ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ያላየ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም። ምስክር ካልሆነ ደግሞ ሐሰተኛ ምስክር ልትሉት አትችሉም። በእኔ አስተያየት ያን ቀን የሚነገረው ቃል የምርቃት ወገን ነው። "ወልደሽ ሳሚ" ሲሉኝ ገና አልወለድኩም፤ ማንም ተነሥቶ "ልጁ የታለ?" አላለም።

ለልጅቱ የሰጠኋት መልስ እዚህ ድረስ ነበር፤ እሷም "ጥሩ ነው" አለችኝ። እኔ ግን ቤቴ ስገባ መልሱ ቀለለብኝ። ምርቃት ነው ብሎ ማለፍ ሁሉን ቃል ነጻ ያወጣል፤ ነጻ መውጣት የሌለበት ቃል ግን አለ።

በእኛ አገር ታልሙድ አልነበረም፤ ቄሶቻችን የሚያነቡልን ኦሪትን ነው። እዚህ ከመጣን በኋላ የልጄ ባል ከባቢሎን ታልሙድ፣ ኬቱቦት ከሚባለው ክፍል፣ አንድ ክርክር አነበበልኝ። ጥያቄው በሙሽራ ፊት ሲጨፈር ምን ይባላል የሚል ነው። የሻማይ ቤት ሰዎች ሙሽራዋ እንዳለች፣ እንደ መልኳ ትወደስ ይላሉ። የሂሌል ቤት ሰዎች ሁሏም ውብና ባለ ሞገስ ትባል ይላሉ። ሻማዮች አልተዋጠላቸውም፤ አንካሳ ወይም ዓይነ ስውር ብትሆንስ? ኦሪት ከሐሰት እንድንርቅ ታዘን የለም ወይ? ሂሌሎችም ሲመልሱ፣ ሰው ከገበያ የማይረባ ዕቃ ገዝቶ ቢመጣ በፊቱ ዕቃውን ታመሰግንለታለህ እንጂ ታጣጥልበታለህ ወይ አሉ። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ ራባን ዮሐናን ቤን ዘካይና ሊቃውንቱ የተሰበሰቡት ያቭኔ ነው። ሕጉ እንደ ሂሌል ቤት ይሁን የሚለው የሰማይ ድምፅ የተሰማውም እዚያው ያቭኔ እንደሆነ የኢየሩሳሌም ታልሙድ ይናገራል። የልጅ ልጄ ይህን ሳታውቅ እዚያው ከተማ ተቀምጣ የሻማይን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

ሻማይን ግን ቶሎ አትናቁት። ሻማይ የሚፈልገውን ያህል እውነት ተናግሮ ማሞገስ ይቻላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በሰፈራችን ፊቷን ፈንጣጣ የበላት ልጅ ነበረች። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን ቤት አይመርጥም ነበር። ልጅቱ ስትዳር ዘፈኑን የምታወጣው ሴትዮ እውነት የምትወድ ሰው ነበረች። ስለ ፊቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እጇን አወደሰች። የቤተ እስራኤል ሴት ሸክላ ሠሪ ናት፤ የዚያች ልጅ እንስራ ደግሞ ከእሳት ሲወጣ አይሰነጠቅም፣ በጣት ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ይህንን ሁሉ ገጠመችላት፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እኔ ከዚያ የበለጠ ምስጋና ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሁለታችንም እዚህ መጥተን አያት ሆነን፣ ኪርያት ማላኺ ኩፓት ሆሊም ተራ ስንጠብቅ ያንን ዘፈን አነሣሁባት። "እንዴት ያለ ደስ የሚል ነገር ነበር ያሉልሽ!" አልኳት። ዝም አለች። ስሟ ሊጠራ ሲል "ፊቴን ዘለሉት" አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን የያዘችው የተባለውን አልነበረም፣ ያልተባለውን ነው። ከሐኪሙ ስትወጣም አልተወችውም፤ "ለሁሉም ጨረቃ ይባል የለ፣ እኔንስ ቢሉኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ።

ቶሳፎት የሚባሉት የመካከለኛው ዘመን ተርጓሚዎች ለሂሌል ቤት ያቀረቡት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከሙሽራዋ ያማረውን ብቻ መርጠህ ካወደስክ፣ የቀረው እንደማያምር ለሰው ሁሉ አሳወቅህ ማለት ነው ይላሉ። እነሱ በሐሳብ የደረሱበትን ጓደኛዬ በአሥራ አራት ዓመቷ በጆሮዋ ሰምታዋለች።

ስለዚህ ያረጀው፣ የተደጋገመው፣ "ሁሌ አንድ ዓይነት ነው" የምትሉት ምሳሌ ነው ምሕረት ያለበት። የጨረቃ ጥቅሟ የሁሉም መሆኗ ነው። በሚሽና፣ ታዕኒት በሚባለው ክፍል፣ የኢየሩሳሌም ልጃገረዶች በአቭ ወር በ15ኛው ቀን ለጭፈራ ሲወጡ ነጭ ልብስ እንደሚዋዋሱ ተጽፏል፤ ያላትም ትዋሳለች፣ የሌላት እንዳታፍር። እኛም ሰፈር አንዱ የብር ጌጥ ለስንት ሙሽራ ሲዞር ነው የኖረው። እኔ የዘፈኑን ቃል እንደዚያ እንደ ውሰት ልብስ አየዋለሁ። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ያን ቀን የለበሰችው የእሷ ነው።

ከሂሌል ፍርድ ጋር እንግዲህ እስማማለሁ። ከምሳሌው ጋር ግን አልስማማም። ከገበያ የተገዛ ዕቃ! ይህ ምሳሌ የሚያጽናናው ገዢውን ነው፤ ዕቃው ጆሮ የለውም። እነዚያ ታላላቅ ሊቃውንት ለሙሽራዋ ደግ ነገር ፈረዱላት፣ ምክንያቱን ሲናገሩ ግን እሷ ከቤት ወጥታ ነበር። ስለ ሙሽራ የሚነገር ነገር ሲያጋጥመኝ፣ እውነት ነው ሐሰት ነው ከማለቴ በፊት ለማን እየተነገረ እንደሆነ የማየው ከዚያ ወዲህ ነው። ለእሷ ነው፣ ወይስ ስለ እሷ ለሚወስዳት?

በዚህ ዓይን ስታዩት አገራችን ሲወደዱ ከነበሩት ምሳሌዎች አንዱ ይወድቃል፤ ብር አምባር። የልጃገረድ ድንግልና ብር አምባር ይባላል፤ ሙሽራው ሰበረው ይባላል፤ ወደ ወላጆቿ የምሥራች ይሄዳል፣ ይጨፈራል። በእኛ በቤተ እስራኤል ሠርግ ደግሞ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ነጭና ቀይ ክር ያስራል፤ ነጩ የእሱ ንጽሕና፣ ቀዩ የእሷ ድንግልና ነው ይባላል። ቃሉ ቆንጆ ነው፤ ብር ነው፣ ጌጥ ነው። ግን ጌጡን የሚሰብረው ሌላ፣ የሚጨፍርበት ሌላ፣ ያልተገኘ እንደሆነ ውርደቱ የእሷ። ይህ በዜማ የተባለ የዕቃ ፍተሻ ነው።

ገዴራ አሮጊቶቹ ጥልፋችንን ይዘን፣ ቡና አፍልተን የምንሰበሰብበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ ይኸው ነገር ተነሣ። አንዷ "ብር አምባር ክብራችን ነበር፤ የዛሬ ልጆች ክብር መች ያውቃሉ" አለች። ሌላዋ ሲኒዋን አስቀመጠችና "ክብሩ የአባቴ ነበር፣ ፍርሃቱ የኔ ነበር" አለቻት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የጀበናው ክዳን ብቻ ነበር የሚሰማው። እኔ ከሁለተኛዋ ጋር ነኝ። የመጀመሪያዋም ዝም ብላ አይደለም የተናገረችው፤ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ከዚያ ሌላ መከበሪያ አልሰጧትም፤ የሰጧትን አንድ ነገር ውሰዱባት ብትሏት እንዴት ትስማማ?

ስለ ቀለምም ሳልናገር አላልፍም፤ ይህ እናንተን ይነካል። ዘፈኖቻችን ቀይ ይላሉ፣ ጠይም ይላሉ። ጥቁር ተብላ የተወደሰች ሙሽራ ግን በልጅነቴ ሰማሁ ማለት አልችልም። ነገሩ የመልክ ብቻ አልነበረም። በመካከላችን "ባርያ" እየተባሉ ከጋብቻ የተገለሉ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ደብቄ ባህላችን ሁሉ ወርቅ ነው ብላችሁ ልታምኑኝ አይገባም። ከዚያ እዚህ መጣን፤ ቀዩም፣ ጠይሙም፣ ጥቁሩም በአንድ ስም ተጠራን። በ2012 መጀመሪያ፣ ኪርያት ማላኺ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት የተስማሙ ነዋሪዎች እንዳሉ ተሰምቶ ልጆቻችን አደባባይ ሲወጡ፣ ቤት ከልካዮቹ ቀይ ናት ጠይም ናት ብለው የለዩአት ልጅ አልነበረችም።

በመኃልየ መኃልይ መጀመሪያ ላይ ውዲቱ ጥቁርም ውብም እንደሆነች ትናገራለች። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት፣ ቫቭ። ቫቭ "እና" ትሆናለች፣ "ግን" ትሆናለች። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም "እና" ብሎ አነበባት፤ የላቲኑ "ግን" አላት። ስንት ሰው በዚያች በላቲኗ "ግን" ሥር ኖረ! እናንተ ዕብራይስጡን ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፣ ራሳችሁ አንብቡት፤ እኔ "እና" ነው የምለው። ደግሞ ልብ በሉ፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ መልኳ የመጀመሪያውን ቃል የምትናገረው እሷው ናት። ፍየሉም፣ በጉም፣ ግንቡም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ሠርግ ሙሽራ አፏን አትከፍትም ነበር።

ምሳሌው ተገልብጦ ያየሁበትም ቦታ አለ። ዓርብ ማታ በየምኩራቡ "ሌካ ዶዲ" ስትሉ፣ ጽፋት የነበሩት ራቢ ሽሎሞ አልካቤጽ በ16ኛው መቶ ዓመት የደረሱትን ነው የምትዘምሩት፤ እዚያ ሰንበት ሙሽራ ናት። እኛ ያንን መዝሙር ሳናውቅ፣ "ትእዛዘ ሰንበት" በሚባለው መጽሐፋችን ሰንበት ሴት ናት፤ ለሰው ልጆች ወደ እግዚአብሔር ትማልዳለች። እንግዲህ ሙሽራ በጨረቃ ስትመሰል አንድ ነገር ነው፤ የተቀደሰው ቀን ራሱ በሙሽራ ሲመሰል ግን ከፍ የምትለው ማን ናት? ሰንበት ስትገባ ሁሉም ተነሥቶ ወደ በሩ ይዞራል። ብታነክስስ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያው ከታልሙዱ ገጽ ያላልኳችሁ አንድ ነገር ቀረ። ባቢሎን የነበሩት ሊቃውንት ይህችን አገር "ምዕራብ" ይሏታል፤ በምዕራብ በሙሽራ ፊት ምን ይዘፈን እንደነበር ጽፈው አስቀርተዋል። ኩል፣ ቀለምና የጸጉር ሥራ ሳያስፈልጋት ሞገሷ እንደ ያዔላ ነው የሚል ነው። የልጄ ባል "ካሐል" ብሎ ሲያነብ አስቆምኩት፤ ኩል እኮ የእኛው ኩል ነው! ያዔላ ደግሞ የበረሃ ፍየል ናት፤ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የማትገኘው የዋልያችን ዘመድ።

ባለፈው ሐኑካ ሰሞን የገዴራዎቹ ሴቶች አውቶቡስ ተከራይተን ዔይን ጌዲ ወርደን ነበር። ውኃው ጋ ሳንደርስ አንዲት ያዔላ ከገደሉ ብቅ አለች። አፈር የመሰለ ቀለም፣ ቀንዷ አጭር፣ ጉልበቷ ላይ ጸጉሩ ያለቀ፣ ሆዷ ከወዲያ ወዲህ የሚል። ቆንጆ ናት ለማለት መቸኮል ያስፈልጋል። ግን እግሯን የምታሳርፍበትን ድንጋይ አንድ በአንድ እየመረጠች፣ አንዲት ጠጠር ሳታንከባልል ቁልቁል ወረደች። ከሰሜን የመጣችው ጓደኛችን፣ ሰማንያ ያለፋት፣ በዱላዋ ተደግፋ ስታያት ቆየችና "እሰይ፣ የኔ ሙሽራ!" አለቻት። እልልታውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ቱሪስቶቹ ዞረው እኛን ማየት ያዙ። ያዔላዋ ግን አልበረገገችም፤ ከግራሩ ሥር ቆማ ቅጠሏን ትበላለች።